ዋይፋዩ እንጀራ ሲጋገር ለምን ይጠፋል? የጥገና ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ኅዳር 8፣ ሰኞ ማታ

ላፕቶፑ ዛሬም ስብሰባ መሀል ጥሎኝ ሄደ። ከአሁን በኋላ የምነካካውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩት የትኛው ነገር እንዳሻለው፣ የትኛው እንዳባሰው መለየት አልችልም።

ችግሩ ሁለት መልክ አለው። አንዳንዴ "ተገናኝቷል" ይላል፣ የዋይፋዩ ምልክትም በቦታው አለ፣ ግን ገጽ አይከፍትም። ዙም ላይ ከሆንኩ ድምፄ ይቆራረጥና አዲስ አበባ ያሉት "አልሰማንህም፣ እስቲ ድገመው" ይሉኛል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሹን ይለቃል፤ የቤታችን ዋይፋይ ስም ከዝርዝሩ ይጠፋና ጥቂት ቆይቶ ብቅ ይላል። ሁለቱ አንድ በሽታ ይሁኑ ሁለት ገና አልታወቀም።

ቤታችን ጠባሴ ነው፤ የድሮ የድንጋይ ቤት። ግድግዳው ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ያልፋል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ራውተሩ ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል። መብራት ሲጠፋ እንዳይዘጋ በትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ፣ ሚኒ ዩፒኤስ በሚሉት በኩል ነው የሚሠራው። የእኔ ጠረጴዛ ከግድግዳው ወዲያ፣ ውስጠኛው ክፍል ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ነው፤ ዋይፋይ ካርዱም ከዋይፋይ የሬዲዮ ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ብቻ የሚያውቅ የቆየ ዓይነት ነው። ራውተሩ ግን 2.4ንም 5ንም በተለያየ ስም ይለቃል።

ተጠርጣሪው በየሰዉ አፍ ይለያያል። እናቴ "እንጀራ ስጋግር ነው የሚጠፋብህ፤ እኔ ልብ ብዬ አይቼዋለሁ" ትላለች። የእህቴ ልጅ "አጎቴ፣ ላፕቶፑ አርጅቶ ነው፤ ስልክ ላይ እኮ ይሠራል" ባይ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ "የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን ያደርቅ የለ፣ ዋይፋይ ምን ይተርፋል!" ብለው ስቀው አለፉ። የእናቴን አስምሬበታለሁ፤ ማሽኑን ባታውቀውም ሰዓቱን ታውቃለች።

ደንብ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

መጀመሪያ መለየት ያለበት፣ ጥፋቱ ከቤት ውጭ ነው ወይስ ከቤት ውስጥ? ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለው አየር አንድ መንገድ ነው፤ ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚሄደው መስመር ሌላ መንገድ። "ኔትወርክ የለም" ስንል ሁለቱን አንድ ላይ እንጨፈልቃቸዋለን፤ ከዚያ ወዲያ የሚደረገው ሁሉ ግምት ይሆናል።

ስለዚህ ሁለት ጥቁር የትእዛዝ መስኮቶች ጎን ለጎን ከፈትኩ። በአንዱ ራውተሩን ራሱን፣ 192.168.1.1ን፣ ያለማቋረጥ ፒንግ አደርጋለሁ። በሌላው 8.8.8.8ን፣ ማለትም ውጭ ያለውን የጉግል ሰርቨር። ፒንግ "አለህ ወይ?" ብሎ ጠይቆ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ የሚቆጥር ትእዛዝ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ከአድራሻው ኋላ ሰረዝና "ቲ" ፊደል ሲጨመርበት እስኪያስቆሙት ድረስ ይቀጥላል።

ደህና በሆነበት ሰዓት ራውተሩ ከ2 እስከ 5 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ይመልሳል። ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለቴ ሲቆራረጥ ሁለቱም መስኮቶች እኩል ተንገዳገዱ። የውጭው ቆሞ ራውተሩ እየመለሰ ቢሆን ኖሮ መስመሩን እጠረጥር ነበር። እዚሁ ግድግዳ ማዶ የተቀመጠ ራውተር ለመመለስ 700፣ 1,200 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ ከዚያም "ጊዜው አልፏል" ከተባለ፣ ነገሩ ከደጃፋችን አልወጣም። ለአገልግሎት ሰጪው ሊደወል የነበረው ስልክ ቀረ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

የእንጀራ ቀን ነው። እናቴ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ትጋግራለች። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፣ በ220 ቮልት ወደ 15 አምፔር ግድም ማለት ነው። የቤቱ ሽቦ የድሮ ስለሆነ ከምጣዱ ጋር ሌላ ነገር ሲደረብበት ብሬከሩ ዱብ ይላል።

ቴስተር ይዤ መተላለፊያው ላይ ካለው ሶኬት ጎን ተቀመጥኩ። ምጣዱ ሳይሰካ 221 ቮልት። ከተሰካ በኋላ 196።

"አላልኩህም!" አለች እናቴ ቁጥሩን ከትከሻዬ በላይ አይታ።

"ብለሽኛል። ግን ራውተሩ ለዚህ ግድ የለውም፤ ቆይ ላሳይሽ።"

የራውተሩን አዳፕተር አመጣሁና (ራውተሩ ለጊዜው በባትሪው ቆየ) እዚያው ሶኬት ላይ ሰካሁት። ጀርባው ላይ መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሆነ ተጽፏል፤ እንዲህ ዓይነቱ አዳፕተር የመጣለትን ተቀብሎ ያው 12 ቮልቱን ያወጣል። መውጫውን ለካሁት፦ ምጣዱ ጠፍቶም በርቶም 12.1። ቡፌው ላይ ያለው ራውተር መብራቶቹ አልጠፉም፣ ብልጭ ድርግምም አላሉም።

ፒንጉ ግን ተበላሸ። ምጣዱ ከተጣደ ብዙም ሳይቆይ 3 የነበረው 180 ሆነ፣ ቀጥሎ 460፣ 90፣ 1,100። እናቴ ልክ ናት እንግዲህ፤ ልክ ያልሆነው የቮልቴጁ ነገር ነው።

ምጣዱ የሬዲዮ ጫጫታ ይለቅ ይሆን? አይመስልም። ውስጡ ያለው የሚግል ሽቦ ነው፤ እንደ ማይክሮዌቭ በ2.45 ጊጋኸርዝ የሚያስተላልፍ ዕቃ የለበትም። ማይክሮዌቭ ቤታችን ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ እሱን ነበር የምይዘው። ለማረጋገጥ የእህቴን ልጅ ስልክ ተቀብዬ ከ5 ጊጋኸርዙ ስም አውጥቼ በ2.4ቱ አስገባሁት፤ "ስልክ ላይ ይሠራል" የሚባለው እስካሁን በሌላ መንገድ እየሄደ ስለነበር ከላፕቶፑ ጋር ማወዳደር አይቻልም ነበር። ምጣዱ እንደጋለ፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ስልኩ ራውተሩን ሲጠይቅ፦ 4፣ 6፣ 5። አየሩ ደህና ነው። ምጣዱ የሚያገኘው ላፕቶፑን ብቻ ነው ማለት ነው። በየት በኩል?

ማታ፣ 3 ሰዓት ገደማ። መንገዱ ተገኘ። ምጣድ ሲጣድ "ኤክስቴንሽኑን ንቀል!" ተብሎ የሚታዘዘው የእህቴ ልጅ ነው። ብሬከሩ እንዳይወርድ የቤቱ ሕግ ነው፣ የቆየ ሕግ። ያ ኤክስቴንሽን ላይ ቴሌቪዥኑ አለ፣ የራውተሩ አዳፕተር አለ፣ በበሩ ሥር አልፎ ወደ እኔ ክፍል የሚመጣው የላፕቶፕ ቻርጀርም አለ። ልጁ ሲነቅለው ራውተሩ ወደ ራሱ ባትሪ ይዞራል፣ ላፕቶፑም ወደ ራሱ። ማንም ምንም አልጠፋበትም፤ ስለዚህ ማንም ልብ አላለም።

አሁን ምጣድ በሌለበት፣ ቤቱ ሁሉ በተኛበት ሰዓት ቻርጀሩን ብቻ ነቀልኩ። 240፣ 510፣ 75። ሰካሁ፤ 3፣ 2፣ 3። እንደገና ነቀልኩ፤ 330፣ ከዚያ "ጊዜው አልፏል"። ነገ ይቀጥላል።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ዊንዶውስ ላፕቶፑ በቻርጀር ላይ ሲሆንና በባትሪ ላይ ሲሆን ለዋይፋይ ካርዱ የተለያየ ሕግ አለው። ሲሰካ ካርዱ ሙሉ ጉልበቱን ይጠቀማል፤ ሲነቀል ኃይል ለመቆጠብ በየመሀሉ ያሸልባል። ራውተሩ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል (በየ102.4 ሚሊሰከንዱ) "እዚህ አለሁ፣ ለእገሌ የተቀመጠ ዕቃ አለ" የሚል ምልክት ይለቃል። ካርዱ በዚያች ቅጽበት ነቅቶ ዕቃውን ተቀብሎ መልሶ ይተኛል። እንደ ሌሊት ዘበኛ ነው፤ በሰዓቱ ብድግ ብሎ ዙሪያውን ካየ ማሸለቡ ማንንም አይጎዳም። የእኔ ካርድ ግን የሚነቃበትን እያሳለፈ ነው። ኢሜይል ለሚያነብ ሰው አይታወቀውም፤ ዙም ላይ ግን ወዲያው ያጋልጣል።

የተቀየረው፦ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የፕላኑ ዝርዝር ቅንብር፣ ከዚያ ዋየርለስ አዳፕተር ሴቲንግስ። "በባትሪ" በሚለው በኩል የነበረውን መካከለኛ ቁጠባ ወደ ማክሲመም ፐርፎርማንስ። ቀጥሎ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ካርዱን ከፍቼ ፓወር ማኔጅመንት ከሚለው ገጽ "ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ይህን ዕቃ እንዲያጠፋ ፍቀድ" የሚለውን ምልክት አነሳሁ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ነክቶ ሌላውን መተው የተለመደ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ እነዚህ ምርጫዎች ከነጭራሹ አይታዩም።

ቻርጀሩ ተነቅሎ፦ 3፣ 4፣ 3፣ 7፣ 3። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቅ ይሆናል፤ ይለቅ።

ከሰዓት ገበያ ስወርድ አንድ የጥገና ቤት ጎራ ብዬ ትንሽ ካቻቢቴ ገዛሁ። ልጁ የገጠመኝን ሰምቶ ሳይጨርስ "ፎርማት ይደረግ" አለ። እዚህ አገር ላፕቶፕ ቢያስነጥስ ፎርማት ነው። ፎርማት ቢደረግ ያው የባትሪ ቅንብር እንደነበረው ተመልሶ ይመጣ ነበር፤ ፋይሎቼ ግን አይመጡም።

ማታ ደግሞ የዊንዶውስን የዋይፋይ ሪፖርት አወጣሁ። የትእዛዝ መስኮቱ በአስተዳዳሪነት ተከፍቶ ሲታዘዝ ያለፉትን ሦስት ቀናት የመገናኘትና የመቋረጥ ታሪክ በሰዓት በሰዓቱ አድርጎ ገጽ ያዘጋጃል፤ ለእያንዳንዱ መቋረጥም ምክንያት ይጽፋል። ጠቃሚ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጭራሹን የለቀቀባቸው ሰዓቶች ከእንጀራው ጋር አይገጥሙም፤ ሌሊትም አለበት፣ ቻርጀር ላይ እያለም አለበት። ስለዚህ በሽታው ሁለት ነው። አንዱ ታክሟል።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ እያጠነ ስለሆነ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የቀረ ልማድ ነው፤ ዛሬም የሚዘለው የለም። ጋሼ ከአጥር ማዶ "ዛሬስ ጭሱ ይዘጋብሃል!" አሉኝ። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የጭስ ብናኝ ሆነ የጣርማ በር ጉም ጠብታ ከእሱ አንጻር ከቁጥር አይገባም፣ በክፍሎች ርቀት ላይ የሚያግደው ነገር የለም። ድንጋይ ግን ያግደዋል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ያነጥረዋል። ይህን ሁሉ ለጋሼ አላልኳቸውም፤ "እንግዲህ እናያለን" ብዬ ገባሁ።

ሥራ የለም ዛሬ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ምጣድ ተጣደ፣ ኤክስቴንሽን ተነቀለ፣ ላፕቶፑ በባትሪ፣ ፒንጉ 3፣ 3፣ 5። እናቴ መጥታ መስኮቱን አየችና "ታዲያ እኔ ምን አልኩ?" አለች። ልክ ነበርሽ አልኳት፤ ነበረችም። የላፕቶፑ ቻርጀር 65 ዋት ነው፣ ምጣዱ አጠገብ ምንም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ሌላ ሶኬት ላይ ተሰክቶ እንዲቆይ ጠየቅኋት። "ብሬከሩ ከወረደ ሊጡ ላይ ትቀመጣለህ" ብላ ፈቀደች።

አሁን ወደ ሁለተኛው። የላፕቶፑን ዓይንና የስልኩን ዓይን ማወዳደር ፈለግሁ። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን፣ ሁለቱንም በ2.4ቱ ስም። ስልኩ ላይ በዋይፋይ መመርመሪያ አፕ የተነበበው ከዜሮ በታች 52 ዲቢኤም ነው (የምልክት ጉልበት መለኪያ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይበረታል)። ዊንዶውስ ደግሞ በፐርሰንት ነው የሚናገረው፦ 52 በመቶ። ቁጥሮቹ መግጠማቸው አያታልል። ዊንዶውስ 100 በመቶ የሚለው ከዜሮ በታች 50 ዲቢኤምን ነው፣ 0 በመቶ የሚለው ከዜሮ በታች 100ን፤ መካከሉ እኩል ይከፈላል። ስለዚህ 52 በመቶ ማለት ከዜሮ በታች 74 ዲቢኤም ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ የ22 ዲሲቤል ልዩነት! እያንዳንዱ 10 ዲሲቤል አሥር እጥፍ ስለሆነ ላፕቶፑ የሚሰማው ስልኩ ከሚሰማው ከመቶ አንዱን እንኳ አይሆንም።

የላፕቶፕ አንቴና ከስልክ ቢሻል እንጂ አይብስም፤ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ስለሚቀመጥ ሰፊ ቦታ አለው። እዚህ ላይ የሆነ ነገር አለ።

ሌላም አየሁ። ስክሪኑን ወደ ኋላ ገፋ ሳደርገው 52ቱ 44 ይሆናል፤ ወደ ፊት ስመልሰው 56። አጋጣሚ እንዳይሆን ደጋግሜ አየሁት። ያው ነው።

እግረ መንገዴን ለራሴ ልጻፈው፦ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ማራገቢያ የመሰለችው ምልክት የምትነግረው ላፕቶፑ ራውተሩን ምን ያህል እንደሚሰማው ነው። ራውተሩ ላፕቶፑን ይስማው አይስማው አትናገርም። መስማማቱ ግን የሁለት ወገን ነው። ምልክቱ ሞልቶ ገጽ የማይከፈትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ላፕቶፑን ከመክፈቴ በፊት ያለ ካቻቢቴ የሚጣሩትን ላጥራ።

ቻናል። አፑ የአካባቢውን ዋይፋይ ሁሉ ዘርዝሮ ያሳያል። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ 13 ቻናሎች (የሞገዱ ክፍልፋዮች) አሉ፣ ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን አንድ ራውተር 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ አብረው መኖር የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የእኛ ሰፈር ራውተሮች አብዛኞቹ 6 ላይ ተከማችተዋል፣ የእኛም እዚያው። ከሁሉ የከፋው ግን 4 ላይ የተቀመጠ አንድ ጎረቤት ነው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉት ቢያንስ እየተደማመጡ ተራ ይጠብቃሉ፤ 4 ላይ ያለው ግን የ1ንም የ6ንም ከፊል ይረግጣል፣ ለሁለቱም ጫጫታ እንጂ ንግግር አይሆንላቸውም።

አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ራውተሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ቻናል የሚመርጡት ሲነሱ ነው፤ አየሩን ያዳምጡና ባዶ የመሰላቸውን ይይዛሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን የሰፈሩ ራውተር ሁሉ እኩል ይነሳል፤ ሁሉም ባዶ አየር ሰምቶ ይመርጣል። መብራት እንደ እኛ ሰፈር በሚመላለስበት ቦታ "አውቶ" የሚለው ምርጫ ብዙም አይታመንም። የእኛ ራውተር በባትሪ ስለሚቆይ ጭራሽ ሳይነሳ ሰንብቷል፤ የድሮ ምርጫውን ይዞ ነው ያለው።

የራውተሩን ገጽ ከፍቼ (የይለፍ ቃሉ ሥሩ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት አለ፤ እሱም ተቀየረ) ቻናሉን 11 ላይ አሰርኩት፣ ስፋቱንም ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ አወረድኩት። 2.4 ላይ 40 መያዝ የሰፈሩን አየር ግማሽ ወስዶ ለራስም አለመጠቀም ነው። ስክሪን ላይ የሚታየው ፍጥነት ይቀንሳል፣ ግንኙነቱ ግን ይረጋጋል።

ሃርድ ዲስክ። የሥራ ፋይሎቼ ያሉበት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሁልጊዜ ከላፕቶፑ ግራ ጎን ይሰካል፤ ዩኤስቢ 3 ነው። ዩኤስቢ 3 ዕቃ ሲሠራ የሚለቀው የሬዲዮ ጫጫታ ልክ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያርፋል፤ ኢንቴል ይህን በ2012 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አውጥቶታል፣ የገመድ አልባ ማውስ መንቀርፈፍም ከዚሁ ይመጣል። ከዲስኩ ትልቅ ፋይል እየገለበጥኩ ፒንጉን አየሁት፦ 40፣ 120፣ ከዚያ አንድ "ጊዜው አልፏል"። ዲስኩን አጭር ማራዘሚያ ኬብል ጨምሬ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሳርቀው ወደ 5 እና 8 ተመለሰ። የዲስኩ ቦታ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ነው።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ከፈትኩት።

ደረቅ ወራት ነው፤ ሹራብና ብርድ ልብስ ለብሶ የተቀመጠ ሰው የበሩን እጀታ ሲነካ ጣቱን ጠቅ የሚያደርግበት ሰሞን። ያቺ ብልጭታ ለሰው ቀልድ ናት፣ ለካርድ ግን ሞት ልትሆን ትችላለች። ሹራቤን አወለቅሁ፣ ምንጣፍ የሌለበት ቦታ ተቀመጥኩ፣ ከመንካቴ በፊት የመስኮቱን የብረት ፍርግርግ ያዝ ለቀቅ አደረግሁ። የላፕቶፑ ሆድ ላይ ያሉትን ብሎኖች ስፈታ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሥዬ እያንዳንዱን በቦታው ሰካሁት። መጀመሪያ የተነቀለው የባትሪው መሰኪያ ነው፤ ሳይነቀል ሌላ ነገር አይነካም።

ካርዱ ከተሸጎጠበት ጥግ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይመጣሉ፣ አንድ ነጭ አንድ ጥቁር። ከማዘርቦርዱ ጠርዝ ተነስተው በስክሪኑ ማጠፊያ ውስጥ ሽቅብ ይወጣሉ፤ አንቴናዎቹ እላይ ስክሪኑ ግራና ቀኝ ናቸው። እያንዳንዱ ሽቦ ጫፉ ላይ ከምስር ፍሬ የምታንስ የወርቅ ቀለም ያላት ክብ ቆብ አለችው፤ ካርዱ ላይ ባለች ትንሽ እንብርት ላይ ጠቅ ብላ ትገጥማለች። ነጯ ገጥማለች። ጥቁሯ ግን ከእንብርቷ ወጥታ ጎኗ ላይ ተኝታለች፤ ከርቀት የገጠመች ትመስላለች፣ በካቻቢቴው ጫፍ ገፋ ሳደርጋት ግን ዝም ብላ ተንሸራተተች። ካርዱ ላይ ከእንብርቷ ጎን ያለው ጽሑፍ ዋናው አንቴና እንደሆነ ይናገራል። እስከ ዛሬ ረዳቱ ብቻውን ሲጎትት ነበር።

እንዴት ወጣች? ካርዱ ላይ የማጣበቂያ ፕላስተር ቅሪት ይታያል። ሽቦዎቹን የሚይዝ ፕላስተር ነበረ፣ አሁን የለም፤ ሳይገዛ በፊት የሆነ ሰው ከፍቶት ነበር ማለት ነው። ስክሪኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው በማጠፊያው በኩል ትንሽ ትንሽ ይሳባል። የስክሪኑ አንግል ምልክቱን ይለውጥ የነበረው ለዚህ ነው።

ቆቧን በእንብርቷ ትክክል አስቀምጬ በጥፍሬ ቀጥ አድርጌ ተጫንኳት፤ ጠቅ አለች፣ ድምፁ ከጆሮ ይልቅ በጣት ይታወቃል። ሰያፍ ከተጫነች ጠርዟ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ አትይዝም። እነዚህ መግጠሚያዎች የተሠሩት 30 ጊዜ ያህል ለመሰካትና ለመንቀል ብቻ ስለሆነ እየነቀሉ ማየት አይመከርም። በላይዋ ላይ ሙቀት የሚችል ቢጫ ፕላስተር ለጠፍኩባት፣ ሽቦውም ማጠፊያው አጠገብ ትንሽ ላላ እንዲል አደረግሁ።

ባትሪ ተሰካ፣ ብሎን ታሰረ፣ ላፕቶፑ ተነሳ። ምልክት፦ 88 በመቶ። ወደ ዲቢኤም ሲመለስ ከዜሮ በታች 56። ስልኩ ካሳየው ጋር ተቀራርቧል። ስክሪኑን ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ 88፣ 87፣ 88።

የእህቴ ልጅ መጥቶ አየና "ስለዚህ አላረጀም?" አለ። አርጅቷል፣ ግን ይህ ከዕድሜ አይደለም አልኩት።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

የዊንዶውሱን ሪፖርት እንደገና አወጣሁ። ሪፖርቱ በያዛቸው ሦስት ቀናት ጭራሹን የለቀቀበት ጊዜ የለም። ዙም ላይም "ድገመው" ያለኝ የለም፤ ይልቅ አንዷ "ቤት ቀየርክ እንዴ?" ብላኛለች።

የቀረው ግድግዳው ነው። ጠረጴዛው ላይ ጥሩ ነው፣ ወደ ክፍሉ ጥግ፣ አልጋው ጋ ሲደርስ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የግማሽ ሜትር ድንጋይ ዋጋ ነው። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጎን አንስቼ ቡፌው አናት ላይ፣ በበሩ አንጻር አስቀመጥኩት። ሞገዱ በድንጋዩ ውስጥ ከሚያልፍ በተከፈተ በር ቢዞር ይቀለዋል። 60ው 68 ሆነ። እናቴ የሠራችውን ዳንቴል ራውተሩ ላይ ልትመልሰው ስትል "አየር ይፈልጋል፣ ይሞቃል" ብዬ አስቀረሁት፤ ሥሩ እንዲነጠፍ ተስማማን።

ለዙም ግን ገመድ የሚተካው የለም። ለዲሽ ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ ግድግዳው ላይ አለ፤ የኔትወርክ ገመድ በዚያው አልፎ በኮርኒሱ ጠርዝ ወደ ጠረጴዛው ይመጣል። ይህ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል፣ እኔ የምፈልገው የዚያን አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ጫፎቹ ተገጥመውለት ነው የገዛሁት፤ ለአንድ ገመድ ብዬ መቆንጠጫውን አልገዛም። ቀዳዳው ለጫፉ ስለጠበበ በመሰርሰሪያ ትንሽ ሰፋ ተደረገ፤ የድንጋዩ ሳይሆን በድንጋዮቹ መካከል ያለው የጭቃው ክፍል ስለነበር አላስቸገረም።

በገመድ፦ ራውተሩ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች፣ ሁልጊዜ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ትናንት ዊንዶውስ ራሱን አድሶ ተነሳ። ዛሬ ጠዋት አልጋ ላይ ሆኜ በባትሪ፣ በዋይፋይ ስከፍተው ፒንጉ እንደገና 200፣ 350። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብቼ አየሁ፦ የካርዱ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) በአዲስ ተተክቷል፣ ያነሳሁት ምልክትም ተመልሶ ተቀምጧል። የፓወር ፕላኑ ቅንብር ግን እንደተውኩት ነው። ምልክቱን አነሳሁ፣ ላፕቶፑን አስነሳሁ፣ 3፣ 4፣ 3።

ከላፕቶፑ ሥር ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ "ከእድሳት በኋላ፦ ዲቫይስ ማኔጀር፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ፣ ካርዱ፣ ፓወር ማኔጅመንት፣ ምልክቱን አንሳ። የራውተር ቻናል 11፣ ስፋት 20። ዲስኩ ከግራ ጎን አይሰካ።" የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ሥራውን በዚሁ ላፕቶፕ ስለሚሠራ ወረቀቱን አንብቦ ራሱ አንድ ጊዜ ከፍቶ እንዲያሳየኝ አደረግሁ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ትንሽ ተደናበረ እንጂ አገኘው።